ጋሽ ተፈራና ጋሽ መኩሪያ የተሸጡበት እሑድ

እስኪ እናንተው ፍረዱኝ። አንድ ሰው ለማግባት ምን ምን ያስፈልገዋል? የሚያገባት ሴት ታስፈልገዋለች፤ አግኝቻለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፐርሚ ቤ ኪሴ ውስጥ አለ። ሥራ ያስፈልገዋል፤ ጄኔቭ አውሮፕላን ማረፊያ የሰው ሻንጣ እየጫንኩ እኖራለሁ። ይህ ሁሉ ተሟልቶልኝ ሳለ በአንድ የቦክስ ግጥሚያ ምክንያት ወንደላጤ ሆኜ ልቀር ነበር ብል ማን ያምነኛል? ቦክሰኛ ብሆን እሺ። እኔ በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ትንኝ እንኳ ስመታ እስታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምወዳት ልጅ ሜሮን ትባላለች። ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር ተወልዳ ያደገች የጋሽ መኩሪያ ልጅ ናት። ጋሽ መኩሪያ ከአዲስ አበባ ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ጡረታ ወጥተዋል፤ በወግ ጉዳይ ላይ ግን አንዲት ስንዝር አይነቃነቁም። ልጃቸውን የሚፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ሜሮን «ባባ፣ እኛ ያለነው ስዊዘርላንድ ነው፣ ኦደር?» (አይደለም ወይ? ማለቷ ነው) ብትላቸው፣ «አገሩ ስዊዘርላንድ ነው። እኔ ግን መኩሪያ ነኝ» ብለው ጋዜጣቸውን ገለጡ።

እኔ ደግሞ እዚህ አገር ያለኝ ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው፤ ጋሽ ተፈራ። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው። ጄኔቭ ስደርስ የማውቀው ሰው አልነበረም። ጋሽ ተፈራ ናቸው ሜራን ያለው ቤታቸው ውስጥ ሶፋ ላይ ያስተኙኝ፣ ፈረንሳይኛ ያስጀመሩኝ፣ የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው ያለበሱኝ። ሽማግሌ ላክ ስባል ሌላ ማን ይታየኛል? ከሥራ እንደወጣሁ በትራም ሜራን ሄጄ ነገርኳቸው።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?»

«የጋሽ መኩሪያ። የዙሪኩ።»

ጋሽ ተፈራ ተመልሰው ተቀመጡ። የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ አነሱ። ድምፁን ጨመሩት። እንግዲህ ጨዋታው አብቅቷል ማለት ነው።

ምክንያቱን በስልክ የነገረችኝ ሜሮን ናት። ጋሽ ተፈራና ጋሽ መኩሪያ በአንድ ወቅት አይለያዩም ነበር። የጄኔቭንና የዙሪክን ባቡር ሌላው ሰው ትራም በሚሳፈርበት ቅለት ነበር የሚመላለሱበት። ያጣመዳቸው ደግሞ ቦክስ ነው። ስለ ቡጢ ማውራት ከጀመሩ ምግብ ይቀዘቅዛል፣ ባቡር ያመልጣል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ትልቅ ግጥሚያ መጣ። ይህ ነገር እንደ ኳስ ዝም ብሎ ቴሌቪዥን ተከፍቶ አይታይም። ፔይ ፐር ቪው ይሉታል፤ ለዚያች ለአንዲት ግጥሚያ ብቻ ተብሎ ይከፈላል። ከፍለህ ተመቻችተህ ተቀምጠህ ሰውየው በመጀመሪያው ዙር ቢዘረር፣ የራስህ ጉዳይ ነው። ጋሽ መኩሪያ ሜራን በእንግድነት መጥተው «እኔ ልክፈል» አሉ። ጋሽ ተፈራ «እንግዳ ቤቴ መጥቶ አይከፍልም» አሉ። «እንግዲያው ተካፍለን እንክፈል» ሲሏቸው «ስድብ ነው» አሉ። ለካስ አንድ ጎረምሳ በነጻ የሚያሳይ ሊንክ ሰጥቷቸው፣ በሆዳቸው ይዘውት ኖሯል። ግጥሚያው ተጀመረ፤ ጋለ። ሻምፒዮኑ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ሳበ፤ ሰነዘረ፤ ምስሉ ቀጥ አለ። ቡጢው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምስሉ ሲመለስ ተጋጣሚው መሬት ላይ ተዘርሯል፣ ዳኛው ቆጥሮ ጨርሷል።

ጋሽ መኩሪያ «በሌብነት ከምታሳየኝ ልክፈል ብዬህ አልነበረም ወይ?» አሉ።

ጋሽ ተፈራ «ሌባ? በገዛ ቤቴ?» አሉ።

ጋሽ መኩሪያ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ቃል አልተለዋወጡም። ለቅሶ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዱ በአንደኛው በር ሲገባ ሌላው በሌላኛው ይወጣል። ሁሉም ነገር አየር ላይ በቀረች በአንዲት ቡጢ! እና የኔ ትዳር የተንጠለጠለው እዚያችው ቡጢ ላይ ነው። ሽማግሌዬ ከሙሽራዋ አባት ጋር ካልተነጋገሩ ማን ማንን ይጠይቅልኛል?

ሦስት ሌሊት ተገላብጬ አንድ ዘዴ አመጣሁ። እንደዚህ ዓይነት ዘዴ ሲመጣልኝ የሚከለክለኝ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ።

ከቶኪዮ በቀጥታ የሚተላለፍ የሻምፒዮና ግጥሚያ ነበር፤ አንድ ጃፓናዊ ከአንድ ሜክሲኳዊ። የሰዓቱ ልዩነት ተባርኮ እኛ ጋ የሚታየው እሑድ ቀትር ላይ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ። (የዚያን ዕለት ቅዳሴው ከወትሮው አጠረ ብለው ያሙ አሉ፤ እኔ አላምንም።) ዜባህ ውስጥ ማኅበራችን የሚከራየው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ አለ። ግጥሚያውን እንደ ደንቡ ከፍለን በትልቅ ስክሪን እናሳያለን። ሁለቱንም እጋብዛለሁ፤ ጋሽ መኩሪያን ሜሮን ታመጣለች፤ አንዱ የሌላውን መምጣት አያውቅም። ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው እያያቸው ሳይጨባበጡ ሊቀሩ ነው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ይሉኝታ ያላስታረቀው አበሻ የታለ?

አዳራሹ በጥሩወርቅ እጅ ነው። ጥሩወርቅ የማኅበሩ የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ጨረታ ሲኖር ማይክ የምትይዘው እሷ ናት። አንዱን በግ ለሦስት ሰው ሸጣ ሦስቱንም አመስጋኝ አድርጋ ትሸኛለች። የሁለቱን ቦክሰኞች ፎቶ በማኅበሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈች። ዝም። አንድ ሰው ብቻ «የኛ ልጆች ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አይደሉም ሲባል የሐዘን ምልክት ለጥፎ ወጣ። የተሸጠው ትኬት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ከጣቶቹም የሚበዙት የኔ ናቸው።

ጥሩወርቅ ደወለች። «ወንድሜ፣ ሰው የለም። አዳራሹን ልሰርዘው ነው።»

ተርበተበትኩ። «እባክሽ! ለቦክሱ ብዬ እኮ አይደለም!» አልኩና ምስጢሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ሽማግሌውን፣ ሜሮንን፣ ጋሽ ተፈራን፣ ጋሽ መኩሪያን።

 ጥሩወርቅ በሹክሹክታ «በአንድ ክፍል ውስጥ? ሁለቱ?» አለች።

«ጎን ለጎን። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«እኔ? ሞቼ ልገኝ!» አለች።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አላቆም አለ። አንዱን ሻንጣ በአንድ እጄ እንደያዝኩ ከፈትኩት። እናንተዬ! ጃፓናዊው የለም። ሜክሲኳዊው የለም። በቦታቸው ጋሽ ተፈራና ጋሽ መኩሪያ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል። ከበላያቸው በቀይ ፊደል «ጄኔቭ ከዙሪክ» ይላል። ከሥራቸው «ከስንት ዓመት በኋላ! በአንድ አዳራሽ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ! (ቦክስም አለ)» ይላል። ሁለቱ ሽማግሎች ስልካቸውን ለመደወል ብቻ ስለሚጠቀሙበት ግሩፑ ውስጥ የሉም። አገር ሁሉ ያውቃል፤ እነሱ ብቻ አያውቁም።

ሻንጣው እግሬ ላይ ወደቀ። አልተሰማኝም።

«ጥሩወርቅ! ምን አደረግሽኝ?»

«ትኬቱ አልቋል» አለች።

«እንዴት አልቋል?»

«አልቋል ነው የምልህ። ከበርን፣ ከሎዛን ይመጣሉ። ከኡስተር አንዲት ሴትዮ ቁሜ አያለሁ ብላ የቁም ትኬት አስወጥታኛለች።»

«ሽማግሎች እኮ ናቸው!»

«እሱን ነው የምልህ። ያንን ጃፓን ማን ያውቀዋል? ሰው የሚከፍለው ለሚያውቀው ሰው ነው። ቦክሰኞቹስ ቢሆኑ ግጥሚያው ሳይደርስ ጋዜጠኛ ሰብስበው የሚሰዳደቡት ለምን ይመስልሃል? ያንተዎቹ ደግሞ ስድብ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብለው ስማቸውን ገንብተዋል።»

እዚህ ላይ አንድ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ሁሉንም ያስቀር ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ሰው በበዛ ቁጥር ይሉኝታው ይበዛል፤ ይሉኝታው በበዛ ቁጥር እርቁ ይጠነክራል። በዚህ ስሌት መሠረት ማን በየትኛው ረድፍ ይቀመጣል ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ ስመልስ ዋልኩ። ጄኔቮች በግራ፣ ዙሪኮች በቀኝ።

እሑድ ማለዳ ጋሽ ተፈራን ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ከረባታቸው ተስተካክሏል። «ቶኪዮ ድረስ ባንሄድ እንኳ ለሻምፒዮና ይለበሳል» አሉኝ። ደስ ብሏቸዋል። ቀና ብዬ ስመለከት ባቡሩ ውስጥ ያለው አበሻ በሙሉ የማውቀው ነው። ሁሉም ከኛ ፉርጎ ገብቷል። ሁሉም ጋሽ ተፈራን ያያል፤ ሲያያቸው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል።

«ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነካው?» አሉኝ በጆሮዬ። «መቼም እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።»

ሎዛን ላይ አንድ ጠና ያለ ሰው ገባ። በቀጥታ መጥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠና «ጋሼ፣ አይዞዎት። ሁላችንም ከእርስዎ ጋር ነን» አላቸው። ጋሽ ተፈራ ተደናገጡ። «ምን ሆኜ ነው? ሐኪም ቤት የነገሩህ ነገር አለ እንዴ?» ብለው ወደኔ ዞሩ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሐይቁ ያምራል አልኩ።

ዜባህ ደረስን። አዳራሹ ሊፈነዳ ደርሷል። በፋሲካ ቤተ ክርስቲያን የማይመጡ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ስክሪኑ ላይ ጃፓናዊውና ሜክሲኳዊው ወደ መድረኩ እየወጡ ነው፤ የሚያያቸው የለም። ስክሪኑ ፊት ሁለት ወንበሮች ተቀምጠዋል። ጎን ለጎን ነበር ያልኩት፤ ጥሩወርቅ ግን ፊት ለፊት አድርጋቸዋለች። በግራው በር እኔ ጋሽ ተፈራን ይዤ ስገባ፣ በቀኙ በር ሜሮን አባቷን ይዛ ገባች። እሷም ግሩፑ ውስጥ የለችም፤ ስለ ፖስተሩም አልነገርኳትም፤ ስታየኝ ፈገግ አለች፤ ሕዝቡን ስታይ ፈገግታዋ ደረቀ።

ጥሩወርቅ ማይኳን አነሳች። «በግራ በኩል! ከሜራን የመጡት! የጄኔቭ ኩራት!» ግራው ወገን አጨበጨበ። «በቀኝ በኩል! እዚሁ ዜባህ ያሉት! የዙሪክ ግንብ!» ቀኙ ወገን እልል አለ።

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። ጋሽ ተፈራ ቀሉ። ጋሽ መኩሪያ ገረጡ። ሁለት መቶ ስልክ ወደ ላይ ተነሳ። እኔ ግድግዳው ውስጥ መግባት ፈልጌ በጀርባዬ ተለጠፍኩበት፤ አልተከፈተልኝም።

ጋሽ መኩሪያ መጀመሪያ ያዩት ከስክሪኑ አጠገብ የተሰቀለውን ትልቁን ፖስተር ነው። መነጽራቸውን አወጡ። ቀረብ አሉ። ለረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ጋሽ ተፈራም በበኩላቸው ቀረብ አሉ። «ይሄኛው ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ።

«ፎቶውን ከየት አመጡት?»

«እንጃ። ያቺን ሸሚዝ የለበስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺ ልጅህ ክርስትና የተነሳች ዕለት።»

ጋሽ መኩሪያ ጣታቸውን ፖስተሩ ላይ አስቀመጡ፤ በራሳቸው ምስል ትከሻ ላይ። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ጥሩወርቅ ሁለት ፎቶ አላገኘችም። ያገኘችው አንድ ነው፤ ሁለቱ ተቃቅፈው የተነሱትን። መሐል ለመሐል ቆርጣ፣ አዙራ አፋጠጠቻቸው እንጂ፣ እጆቹን መቁረጥ አልተሳካላትም። ጋሽ መኩሪያ ትከሻ ላይ የሰው እጅ አለ። ጋሽ ተፈራ ወገብ ላይም እንዲሁ።

«ይቺ እጅ ያንተ ናት» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«የኔ ናት» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ያቺም ያንተ ናት።»

 ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ጋሽ ተፈራ «ይህን ያደረገ ማነው?» አሉ።

ያኔ ጄኔቭና ዙሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ። ግራውም ቀኙም ጣቱን ቀስሮ ወደኔ አመለከተ። ጥሩወርቅም አብራ አመለከተች፤ በማይኩ!

ጋሽ መኩሪያ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ተፈራ፣ ይህ ካንተ ጋር የመጣው ልጅ አይደለም? ታውቀዋለህ?»

ጋሽ ተፈራም አዩኝ። በሶፋቸው ላይ ያስተኙኝ ሰው። ካፖርታቸውን ያለበሱኝ ሰው።

«አላውቀውም» አሉ።

ከዚያ የጓደኛቸውን ክንድ ያዙ። «እቤት ሄደን እንየው» አሉ ጋሽ መኩሪያ፤ «ግጥሚያውን ከፍዬበታለሁ፤ ይቺ ልጅ ጎትታ አመጣችኝ እንጂ።» ተያይዘው ወጡ። ልክ በሩ ሲዘጋ ከስክሪኑ ታላቅ ጩኸት ተሰማ። ዘወር ብለን ስናይ ሜክሲኳዊው ወለል ላይ ተዘርሯል። የመታውን ቡጢ ከኛ መሐል ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልናገር ይሻላል። «ለመተቃቀፍ ነው ከጄኔቭ የመጣሁት?» ያለ አለ። «አንዲት ጥፊ እንኳ?» ያለች አለች፤ የቁም ትኬት የገዛችው የኡስተሯ ሴትዮ ናት። ጥሩወርቅ ግን ሕዝቡን አረጋጋች። «የመልስ ግጥሚያ አለ! አማችና አማት!» ብላ በማይኩ ወደኔ ጠቆመች። ሜሮን ካፖርቷን ደርባ፣ አጠገቤ ስትደርስ «ዛሬ አታናግረኝ» ብላ ወጣች። ትኬት ተሽጦብኝ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አስቡት እንግዲህ። ሁለቱ ታረቁ፤ ያውም ከድሮው በላይ። እኔ ግን ሽማግሌ አጣሁ። ጋሽ ተፈራ ስልኬን አያነሱም። ሜራን ሄጄ በር ሳንኳኳ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጨምራል። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ሜሮንን ከማጣት ፍርሃቴ ይልቅ ያቺ «አላውቀውም» የምትለዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ እንባዬ የመጣበት ቀን አለ።

በመጨረሻ ማን ደረሰልኝ? እንዳትስቁ። ጋሽ መኩሪያ! ሜሮን ቁጣዋ ሲበርድ አባቷን ወጥራ ያዘቻቸው። እሳቸውም ባቡር ተሳፍረው ሜራን መጡና ጓደኛቸው ፊት ቁመው «ተፈራ፣ ልጁን ይቅር በለው» አሉ።

«ምን አገባህ?» አሏቸው።

«ልጄን ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ያስፈልገዋል። አንተ መጥተህ ካልጠየቅከኝ ለማን ልፈቅድ ነው?»

የሙሽራዋ አባት ራሱ ሽማግሌ ሆኖ፣ ሽማግሌው ሽማግሌ ሆኖ እንዲመጣለት ሲለምን ያየ አለ? እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሰማሁ፤ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ።

እናም በአንድ ቅዳሜ ጋሽ ተፈራ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አስከትለው ዜባህ ሄዱ። በመንገድ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። ወጉ ሙሽራው እንዲገባ ስለማይፈቅድ እኔ ኮሪደሩ ላይ ከጫማ መደርደሪያው ጎን ቆምኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ትናንት አብረው እራት የበሉ ሰዎች እንዳልተዋወቀ ሰው ተቀማመጡ። ጋሽ ተፈራ ተነሱ፤ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን፣ ዝምድና ፈልገን መጥተናል» አሉ።

ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው?»

ይህም ወግ ነው፤ ይጠየቃል። የአባቴን ስም ጋሽ ተፈራ ያውቁታል፤ እስከ አያቴ ድረስ አስጠንቻቸዋለሁ። እሱን ይጠራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዝም አሉ። በቃ፣ ሊክዱኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የኔ» አሉ።

ከወጥ ቤት ሜሮን «ባባ፣ በቃ እሺ በለው!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ጋሽ መኩሪያ በወጉ መሠረት «አስበንበት እንነግራችኋለን» ማለት ነበረባቸው። ጓደኛቸውን አይተው «ያንተ ከሆነማ ምን አስባለሁ» አሉ። የአማቴን ጉልበት ልስም በሩን በርግጄ ገባሁ፤ የሳምኩት ግን የጋሽ ተፈራን ነው፤ ተነስ ቢሉኝም አልነሳ አልኩ።